እጀታው ለማን እጅ ተሠራ?

ስለ ወረንጦ፣ ስለ ቀዶ ሕክምና መሣሪያዎችና ስለ እጃችን ፊዚክስ

ከአንኮበር ከፍታ ወደ ምሥራቅ ቁልቁል የሚወርድ መንገደኛ፣ የደጋው ብርድ ለቆት የይፋት ቆላ ሙቀት ገና ሳይቀበለው አሊዩ አምባን ያገኛል። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ይህች ከተማ የሸዋው ንጉሥ የሣህለ ሥላሴ የንግድ በር ነበረች። ከታጁራ ጠረፍ ተነሥቶ የአፋርን በረሃ የሚያቋርጠው የግመል ቅፍለት ጨውና ጨርቅ የሚያራግፍባት፣ ቡናና የዝሆን ጥርስ ጭኖ የሚመለስባት የዓርብ ገበያ ነበራት። እ.ኤ.አ. በ1841 በካፒቴን ዊልያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ የተመራው የእንግሊዝ ልዑክ ወደ ንጉሡ የወጣው በዚሁ መንገድ ነው። በዓመቱ ደግሞ ቻርልስ ጆንስተን የተባለ፣ ቀድሞ የመርከብ ቀዶ ሐኪም የነበረ እንግሊዛዊ በዚያው በአሊዩ አምባ ቤት ይዞ፣ በትኩሳት በሽታ እየተሠቃየ ለወራት ተቀምጧል። ያየውንም ጽፎ በ1844 አሳትሟል።

እኛ ግን ወደ አሊዩ አምባ የወረድነው ለታሪክ ሳይሆን አክስታችንን ለመጠየቅ ነበር። ወደ ገበያ ስንወጣ እንዲህ ሲሉ አዘዙን፦ «ልጄ፣ ስትመለስ ወረንጦ ግዛልኝ፤ የድሮው አፉ ተበልቶ ፀጉሩን ይስተዋል።» አክስታችን ወረንጦ የሚፈልጉት እንደ አብዛኛው የቆላ ሰው ለእሾህ ብቻ አይደለም። ለብዙ ዓመታት በትራኮማ የተጎዳው የዓይናቸው ቆብ ወደ ውስጥ በመቀልበሱ ሽፋሽፍቶቻቸው የዓይናቸውን ብሌን ይፈትጉታል። በየሳምንቱ አንዳንዱን ፀጉር እየነቀሉ ነው የሚኖሩት።

ከቀጥቃጩ ዘንድ ቀርበን «አባቴ፣ ጥሩ ወረንጦ ይምረጡልኝ» አልናቸው። ሽማግሌው ከፊታቸው ከተደረደሩት አንዱን አንሥተው በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው መካከል ሁለት ሦስት ጊዜ ጨመቅ ጨመቅ አደረጉትና «ይኸ ደኅና ነው፤ አይላላም፤ ልጅህ ሳይቀር ይወርሰዋል» አሉን። ከፍለን ወሰድን። አክስታችን ግን ሞክረውት፣ ጫፎቹ ሊገናኙላቸው ባለመቻላቸው እጃቸው እየተንቀጠቀጠ መለሱልን። «ይኸስ ለእኔ አልተሠራም፤ ሰውየው ለራሱ እጅ ነው የሠራው» አሉ።

ውድ አንባቢያን፣ ኤርጎኖሚክስ የተባለው የሳይንስ ዘርፍ ከሞላ ጎደል በዚህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ውስጥ ይገኛል። የምንነጋገረው ስለ ወረንጦ ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር። የአክስታችንን ዓይን የሚያድነው ቀዶ ሕክምና ግን እርሱም በእጀታ የሚሠራ ነው። ያንን እጀታ የሚይዘው የማን እጅ እንደሆነ፣ ሲሠራስ የማን እጅ ታስቦ እንደነበር መጠየቅ የግድ ይሆናል።

የወረንጦ ፊዚክስ

ወረንጦ በአንድ ጫፋቸው የተጋጠሙ ሁለት ቀጫጭን የብረት ዘንጎች ነው። አንድ ጫፉ የታሰረ ዘንግ ሲገፋ ምን ያህል እንደሚጎብጥ የኢንጂነሪንግ ተማሪ ሁሉ ያውቃል። ግትርነቱ ከስፋቱ ጋር እኩል ያድጋል፤ ከውፍረቱ ጋር ግን በኩብ ያድጋል፤ ርዝመቱ ሲጨምር ደግሞ በኩብ ይቀንሳል። ወሳኙ «በኩብ» የሚለው ቃል ነው።

ሁለቱን ወረንጦዎች፣ አሮጌውንና አዲሱን፣ ወደ ቤተ ሙከራችን ይዘን ተመለስን። ስፋታቸው አንድ ነው፤ 8 ሚሊ ሜትር። ከመጋጠሚያው ጣት እስከሚያርፍበት ያለው ርቀትም አንድ ነው፤ 60 ሚሊ ሜትር። በማይክሮሜትር ስንለካቸው አሮጌው 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ሲኖረው አዲሱ 1.5 ሚሊ ሜትር ሆኖ ተገኘ። የግማሽ ሚሊ ሜትር ልዩነት ማለት የጥቂት ወረቀቶች ውፍረት ነው፤ በዓይን ያየው ሰው ልብ አይለውም። የብረትን የያንግ ሞዱለስ 200 ጊጋ ፓስካል አድርገን ብናሰላ፣ የአሮጌውን እያንዳንዱን ክንፍ 3 ሚሊ ሜትር ለማጉበጥ 5.6 ኒውተን ያህል ኃይል ይበቃል። ይህም ከግማሽ ኪሎ ጥቂት የሚበልጥ ክብደት እንደ ማንሣት ነው። ለአዲሱ ግን 18.7 ኒውተን፣ ማለትም ሁለት ኪሎ ገደማ ያስፈልጋል። ውፍረቱ በአንድ ተኩል እጥፍ ሲያድግ ድካሙ ከሦስት እጥፍ በላይ ሆነ።

ዕድሜውን ሙሉ መዶሻና ጉጠት ሲይዝ ለኖረ እጅ ሁለት ኪሎ ምንም አይደለም። ቀጥቃጩ «ጥሩ ነው» ሲሉ እውነታቸውን ነው፤ የለኩበት መለኪያ የራሳቸው ጣት ነበርና። መሣሪያውን የሚገዙት ግን በአብዛኛው በዕድሜ የገፉ ሴቶች ናቸው። የሽፋሽፍት መቀልበስ ከወንዶች ይልቅ ሴቶችን የሚያጠቃ መሆኑ በአገራችንም ሆነ በሌሎች አገሮች በተደጋጋሚ ታይቷል።

እዚህ ላይ ሌላም ነገር አለ። ወረንጦ ጣት በመሐል፣ ደጋፊ ነጥቡ በአንድ ዳር፣ ሥራው በሌላው ዳር የሆነ ሊቨር ነው። በዚህም ምክንያት ኃይልን አያበዛም፤ እንዲያውም ይቀንሳል። ጫፉ ከመጋጠሚያው 90 ሚሊ ሜትር ቢርቅ፣ ዘንጉን ከማጉበጥ የተረፈው 3 ኒውተን ጫፉ ላይ ሲደርስ 2 ኒውተን ብቻ ይሆናል። ጡንቻ ደግሞ ወደ አቅሙ ጣሪያ በተጠጋ ቁጥር መንቀጥቀጡ ይጨምራል። ጫፎቹ ካልገጠሙ ፀጉሩ ያመልጣል፤ ጠርዛቸው ስል ከሆነ ደግሞ ፀጉሩ ከሥሩ ሳይነቀል ይቆረጣል። ተቆርጦ የቀረው ጉቶ ከረጅሙ ፀጉር የባሰ ብሌኑን ይቧጥጣል። ስለዚህ ግማሽ ሚሊ ሜትር የብረት ውፍረት ከዓይን ብርሃን ጋር እንዲህ ቅርብ ዝምድና አለው።

ነገሩ የአንድ አክስት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በ1998 ዓ.ም. በተካሄደው ብሔራዊ የዓይነ ስውርነት፣ የዕይታ ማነስና የትራኮማ ጥናት መሠረት ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በላይ ከሆነ ኢትዮጵያውያን መካከል ከመቶ 3.1 የሚሆኑት ሽፋሽፍታቸው ተቀልብሶ ተገኝቷል። በአማራ ክልል ቁጥሩ ከመቶ 5.2 ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተሠርቷል። በክልሉ ጥቂት ሽፋሽፍት ብቻ የተቀለበሰባቸውን 1300 ሰዎች ያሳተፈና እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት፣ በፋብሪካ የተሠራ ጥሩ ወረንጦና ሥልጠና የተሰጣቸውን ሰዎች በቀዶ ሕክምና ከታከሙት ጋር አነጻጽሯል። ከሁለት ዓመት በኋላ ዓይናቸውን የሚነኩ ፀጉሮች በነቃዮቹ ላይ በዝተው ቢታዩም፣ በዕይታ ረገድ በሁለቱ ወገኖች መካከል ልዩነት አልተገኘም። የተናቀችው ወረንጦ በሚገባ ከተሠራች የሕክምና መሣሪያ ናት ማለት ነው። የተቀለበሰው ፀጉር ብዙ ከሆነ ግን መፍትሔው ቀዶ ሕክምና ነው።

መሣሪያና እጅ

እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ኔፒየር እ.ኤ.አ. በ1956 ባሳተመው ዝነኛ ጽሑፍ የሰውን አያያዝ በሁለት ከፈለው። አንደኛው ዕቃውን በመዳፍና በጣቶች አቅፎ የመያዝ የኃይል አያያዝ ነው፤ መጥረቢያ እንደምንይዘው። ሁለተኛው በጣቶች ጫፍ የመያዝ የጥንቃቄ አያያዝ ነው፤ እስክሪብቶ እንደምንይዘው። የሰው ልጅ ከይፋት ቁልቁል በአዋሽ ሸለቆ፣ በአፋር ጎና፣ ከ2.6 ሚሊዮን ዓመት በፊት የሠራቸው የድንጋይ መሣሪያዎች እጀታ አልነበራቸውም። እጁ ራሱ እጀታ ነበር። በዝዋይ አቅራቢያ በጋደሞታ የተገኙትና ከ279 ሺህ ዓመት በላይ ዕድሜ ያላቸው የኦብሲዲያን ጫፎች ግን በእንጨት ላይ ተሰክተው ይወረወሩ እንደነበር በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አመልክቷል። ከዚያ ወዲህ የሰው ልጅ ስለ እጀታ ማሰቡን አላቋረጠም።

እ.ኤ.አ. በ2004 የአሜሪካ የሥራ ጤንነት ተቋም ከካሊፎርኒያ ግዛት ጋር ባወጣው መመሪያ ለኃይል ሥራ የእጀታ ውፍረት ከ32 እስከ 51 ሚሊ ሜትር፣ ለጥንቃቄ ሥራ ደግሞ ከ6 እስከ 13 ሚሊ ሜትር ቢሆን መልካም ነው ይላል። የይፋት ገበሬ የማጭዱን እጀታ ሲጠርብ መመሪያውን ባያነብም በመዳፉ ለክቶ እዚያው ገደማ ይደርሳል። ልዩነቱ፣ ገበሬው እጀታውን የሚጠርበው ለራሱ ነው፤ ብርዱን ከገበያ ይገዛል፣ እጀታውን ራሱ ያገባለታል። ቀዶ ሐኪሙ ይህ ዕድል የለውም።

ለምን ቢባል አንዱ ምክንያት እንፋሎት ነው። በጆንስተን ዘመን የአውሮፓ ቀዶ ሐኪሞች ቢላዋና መጋዝ ከዞጲ ወይም ከዝሆን ጥርስ የተሠራ፣ አንዳንዴም የተቀረጸ እጀታ ነበራቸው። (በአሊዩ አምባ ገበያ ከተራገፈው የዝሆን ጥርስ የተወሰነው በእንዲህ ያለ ቢላዋ ላይ አርፎ ይሆን ብሎ ማሰብ አይከለከልም።) እ.ኤ.አ. በ1867 ጆሴፍ ሊስተር ስለ ጀርም መከላከል ካሳተመ በኋላ፣ በተለይም በ1880ዎቹ በበርሊን በኧርንስት ፎን ቤርግማን ክሊኒክ መሣሪያን በእንፋሎት ማምከን ሲጀመር፣ ቀዳዳና ስንጥቅ ያለው እንጨትና ቀንድ ሁሉ ከቀዶ ክፍል ወጣ። እጀታው ከነስለቱ አንድ ወጥ ብረት ሆነ። ንጽሕናው ተገኘ፤ ለእጅ የሚመቸው ቅርጽ ግን ቀረ።

ከርእሳችን ትንሽ ወጣ ብለን ለደጋ ተማሪዎቻችን አንድ ነገር እናስታውስ። አውቶክሌቭ ላይ ያለው የግፊት መለኪያ የሚያሳየው ከአካባቢው አየር በላይ ያለውን ግፊት ነው። በባሕር ወለል መለኪያው አንድ ባር ገደማ ሲያሳይ እንፋሎቱ 121 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል። በ2840 ሜትር ከፍታ ላይ በምትገኘው ደብረ ብርሃን ግን የአየሩ ግፊት 0.72 ባር ያህል ብቻ ስለሆነ፣ መለኪያው ያንኑ ቁጥር እያሳየ እንፋሎቱ 116 ዲግሪ ገደማ ይቀራል። በሸዋ ሮቢት በቂ የሆነው አሠራር በደብረ ብርሃን ላይበቃ ይችላል፤ ወይ ግፊቱን ወይ ጊዜውን መጨመር ያስፈልጋል።

ወደ እጀታው እንመለስ። የቀዶ ሕክምና መቀስ፣ የመርፌ መያዣና የደም ሥር መቆንጠጫው ሄሞስታት ባለ ቀለበት እጀታ ናቸው። ከቀለበቱ እስከ ምስማሩ 100 ሚሊ ሜትር፣ ከምስማሩ እስከ ጫፉ 25 ሚሊ ሜትር ቢሆን ጣት የሰጠው 10 ኒውተን ጫፉ ላይ 40 ይሆናል። ከወረንጦ በተቃራኒ ኃይል ያበዛል። ግን ያ ኃይል የሚያልፈው በቀለበቱ ጠርዝ በኩል ነው። አውራ ጣት ላይ 20 ኒውተን የሚያርፍ ቀለበት ሁለት ሚሊ ሜትር ወርድና አሥር ሚሊ ሜትር ርዝመት ባለው ሥጋ ላይ ቢጫን፣ ግፊቱ አንድ ሚሊዮን ፓስካል፣ ማለትም የከባቢ አየር ግፊት አሥር እጥፍ ይሆናል። በቀጫጭኖቹ የደም ሥሮች ውስጥ ያለው ግፊት ጥቂት ሺህ ፓስካል ብቻ ስለሆነ በዚያ ቦታ ደም መዘዋወሩን ያቆማል። ከቆዳው ሥር የሚያልፈው የጣት ነርቭም ይጨፈለቃል። ከረጅም ቀዶ በኋላ አውራ ጣታቸው የሚደነዝዝ ሐኪሞች ስለመኖራቸው በሕክምና መጽሔቶች ተደጋግሞ ተዘግቧል። ወርዱን አምስት እጥፍ ማስፋት ግፊቱን ወደ አምስተኛ ያወርደዋል፤ ይህን ለማወቅ ዶክትሬት አያስፈልግም።

ትልቅ እጅ ያለው ሐኪም ጣቱን በቀለበቱ ውስጥ እስከ መጀመሪያው መጋጠሚያ ብቻ አስገብቶ መሣሪያውን በሌባ ጣቱ ይደግፋል። ትንሽ እጅ ያላት ሐኪም ግን ቀለበቱ ስለሚሰፋባት አውራ ጣቷ እስከ ሥሩ ይገባል። ያኔ ሊቨሩም አያያዙም ይበላሻል። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመና በ726 የላፓሮስኮፒ ቀዶ ሐኪሞች ላይ የተደረገ መጠይቅ፣ የጓንት ቁጥራቸው 6.5 እና ከዚያ በታች የሆኑት በመሣሪያዎቹ ይበልጥ እንደሚቸገሩ አሳይቷል። ጓንት በቁጥር ይሸጣል፤ መቀስና የመርፌ መያዣ ግን በርዝመት እንጂ በእጅ ልክ ሲሸጥ አላየንም።

ስለ ግራ እጅ ደግሞ በይፋት ምድር ዝም ብሎ ማለፍ አይቻልም። ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም በታሪክ የሚታወቁበት ቅጽል ስም ከእጃቸው የመጣ ነው። ግራኝ አንባቢያን ከዚህ በኋላ ያለውን በመቀስ ሞክሩት። ተራ መቀስ በቀኝ እጅ ሲጨመቅ አውራ ጣት ቀለበቱን ወደ ውጭ፣ ሌሎቹ ጣቶች ወደ ውስጥ ስለሚገፉት ሁለቱ ስለቶች እርስ በርስ ይጣበቃሉ። በግራ እጅ ሲያዝ ያው ግፊት ስለቶቹን ያለያያቸዋል፤ ጨርቁም ሳይቆረጥ በመሐል ይታጠፋል። የመርፌ መያዣው መቆለፊያ ጥርስም እንዲሁ ነው። በቀኝ አውራ ጣት ገፋ ሲደረግ ይከፈታል፤ ግራኙ ግን ወደ ራሱ መሳብ አለበት። መርፌ በሰው ዓይን ቆብ ውስጥ ተሰክቶ እያለ ይህ ቀልድ አይደለም። አንድ ግራኝ የሕክምና ተማሪ በልምምድ ወቅት «እጅህን ቀይር» መባሉን ነግሮናል። መሣሪያውን መቀየር ለማንም ትዝ አላለውም።

በጣቶች ጫፍ የሚሽከረከር እጀታ

የዓይን ቀዶ ሐኪሞች ችግሩን ቀድመው የተረዱ ይመስላሉ። የዓይን ብሌን ንቅለ ተከላ ፈር ቀዳጅ በሆነው በራሞን ካስትሮቪየሆ ስም የሚጠራው የመርፌ መያዣ ቀለበት የለውም። ሁለት ክንፎች ያሉት፣ በጣቶች ጫፍ የሚያዝ ስፕሪንግ ነው፤ ወረንጦ ነው ብንል አንሳሳትም። ከዓይነቶቹም ክብ እጀታ ያለው አለ። የመስፊያው መርፌ ቆልማማ ስለሆነ ሥጋን በትክክል የሚያልፈው ሲሽከረከር ነው፤ ቀጥ ብሎ ከተገፋ ይቀዳል። ጠፍጣፋ እጀታ የያዘ ሰው ለማሽከርከር አንጓውንና ክንዱን ማዞር አለበት። 8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለውን ክብ እጀታ ግን አውራ ጣት 5 ሚሊ ሜትር ወደ ፊት፣ ሌባ ጣት 5 ሚሊ ሜትር ወደ ኋላ ቢንሸራተቱ 72 ዲግሪ ያህል ይዞራል። ክንዱ አልጋው ላይ እንዳረፈ ሥራው ይከናወናል። እስክሪብቶ ይዛችሁ ብትሞክሩት ትደርሱበታላችሁ።

ይሁን እንጂ መሣሪያ ሁሉን ይፈታል ብሎ ማመን የእኛ የፊዚክስ ሰዎች ድክመት ነው። ለሽፋሽፍት ቀዶ ሕክምና ተብሎ የተቆራጩን መስመርና ርቀት የሚወስን ልዩ መቆንጠጫ ተሠርቶ በታንዛኒያ በጥንቃቄ ተፈትኗል። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2013 ሲታተም በቁስሉ ላይ የሚወጣውን ሥጋ ቢቀንስም የፀጉሩን ተመልሶ መቀልበስ አልቀነሰም። በአንጻሩ በአማራ ክልል በ1000 ታካሚዎች ላይ የተደረገና በ2016 የታተመ ጥናት የቀዶውን ስልት ራሱን አወዳድሮ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ፀጉሩ የተመለሰባቸው በአንደኛው ስልት ከመቶ 22፣ በሁለተኛው ከመቶ 13 ሆነው አግኝቷል። ከስልቱም በላይ አንዱ ቀዳጅ ከሌላው እንደሚለይ የሚያሳዩ ጥናቶች ብዙ ናቸው። መሣሪያው ለእጁ ምን ያህል እንደሚመች በዚያ ልዩነት ውስጥ ምን ድርሻ እንዳለው መለካት ለአንድ ተማሪ ጥሩ የመመረቂያ ሥራ ይወጣዋል።

በአገራችን ይህን ቀዶ ሕክምና በብዛት የሚሠሩት የዓይን ስፔሻሊስቶች ሳይሆኑ የሠለጠኑ ነርሶች ናቸው። በድንገተኛ ቀዶ ሕክምና የሚመረቁ ባለሙያዎች ደግሞ በየገጠሩ ሆስፒታል በቀዶ ያዋልዳሉ፤ ትርፍ አንጀት ያወጣሉ። መሣሪያዎቹ እንደ ጀርመኗ ቱትሊንገንና እንደ ፓኪስታኗ ሲያልኮት ካሉ ከተሞች ይመጣሉ። የእነዚህን ባለሙያዎች የእጅ ርዝመትና ወርድ መዝግቦ ለአምራች ወይም ለገዢ የሚያቀርብ ሥራ በዩኒቨርሲቲዎቻችን ቢጀመር የሚጠይቀው ማስመሪያ፣ የመዳፍ ስፋት መለኪያና ትዕግሥት ብቻ ነው።

አክስታችን በኋላ ለቀኝ ዓይናቸው ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው። የሠራችላቸው ወጣት ነርስ ነበረች። ጓንቷ በጣቶቿ ጫፍ ላይ ተጨማድዶ ይታይ ነበር፤ ከእጇ ልክ በላይ የሆነ ቁጥር መሆኑ ነው። መርፌ መያዣውን በቀለበቱ ሳይሆን መዳፏ ውስጥ አቅፋ፣ ከቀለበቱ በታች ይዛ ነው የሰፋችው። «ማን አስተማረሽ?» ብለን ጠየቅናት። «ማንም፤ እንደ መጽሐፉ ስይዘው ጣቴ ይደነዝዛል» አለችን።

የግራው ዓይን ሁለት ፀጉር ብቻ ስላለበት ነርሷ ለጊዜው እየነቀሉ እንዲቆዩና በየጊዜው እንዲታዩ ነገረቻቸው። ስለዚህ እንደገና ወደ ገበያ ወጣን። በዚህ ጊዜ አክስታችን ራሳቸው አብረውን ነበሩ። ቀጥቃጩ እንደ ልማዳቸው ጠንካራውን አንሥተው ጨመቁ። አክስታችን አልተቀበሏቸውም። ከተደረደሩት ቀጭኑን መርጠው የእጃቸውን ጀርባ ፀጉር ያዙበት፤ ሳበ። እንደገና ሞከሩ፤ ጫፉ በአንድ ወገን ክፍተት ነበረው። «እዚህ ጋ ሞርድልኝ» አሉ። ሽማግሌው ሞረዳቸውን አንሥተው ሁለቱን ጫፎች ወደ ፀሐይ ከፍ አድርገው በመሐላቸው የሚያልፈውን ብርሃን እያዩ፣ ብርሃኑ እስኪጠፋ ድረስ ሞረዱት።